ብርድ የሚገባበት ግድግዳ

ጧ የሚል የጥፊ ድምፅ ከሕፃኑ ክፍል መጣ። እናትየው ብርድ የሚገባበትን ስንጥቅ እንዲፈልግላት የጠራችውን ባለሙያ አስከትላ ሮጠች። ሕፃኑ አልጋው ላይ ተኝቷል፤ ሌላ ሰው የለም።

ባለሙያው የሞቀውን ቦታ በቀይ የሚያሳየውን የሙቀት ካሜራውን ግድግዳው ላይ ደገነ። ከጣሪያው ሥር አምስት ጣት ቀልቶ ታየ።

«እህቴ፣ ይሄን አሁን ማን ነካው? የእጅ ሙቀት እኮ ደቂቃም አይቆይም።»

«ጣሪያ ድረስ? እኔ እንደሆንኩ ለመብራት ማብሪያውም እንጠራራለሁ።»

ጧ። ሁለተኛው መዳፍ ዝቅ ብሎ ቀላ። ጧ። ሦስተኛው ከአልጋው ራስጌ ልስኑን አረገፈው።

እናትየው ልጇን ልታነሣ ተንደረደረች፤ አራተኛው ጥፊ ቀደማት። ግድግዳው ላይ ምንም አልታየም። ሕፃኑ እሪ አለ።

ባለሙያው ካሜራውን ወደ ሕፃኑ ጉንጭ አዞረ።

«ምን አየህ? ንገረኝ እንጂ» አለችው።

ካሜራውን ወለሉ ላይ አስቀመጠና ቦርሳውን እንኳ ሳያነሣ ወጥቶ ሄደ።