ሁለት መቶ አክሲዮን በአንድ ስም

ምሳው የሚባለው አክሲዮን ሻጭ ደሃና ወረዳ ሲመጣ ጫማው ሹል፣ ምላሱ ማር ነበር። ሰቆጣ ላይ የማር ማቀነባበሪያ ሊቋቋም ነው፣ ገንዘቡን የሚያዋጣው ሕዝቡ ነው፣ ያዋጣ ሁሉ ባለቤት ይሆናል አለ። ባንቺ ከፊት ተቀምጣ አንድም ቃል ሳያመልጣት ሰማችው። ልጇ ምህረት ሳውዲ የሰው ቤት ስትጠርግ ያጠራቀመችው ሰማንያ ሺህ ብር እጇ ላይ ነበር።

ችግሩ አንድ ነው። አንዱ አክሲዮን አንድ ሺህ ብር፤ ከሁለት መቶ በታች ደግሞ አይሸጥም። በዚያ መንደር ሁለት መቶ ሺህ ብር በአንድ እጅ ያየ ማን አለና! ዘጠኝ ቤት ተማከረና እንደ ዕቁብ አዋጣ። ሰማንያው የባንቺ ሆነ።

"በማን ስም ልጻፈው?" አለ ምሳው። "ተማክራችሁ ንገሩኝ። ሕጉ የሚያውቀው መዝገብ ላይ የሰፈረውን ስም ብቻ ነው።" ይህንኑ ደገመው። ከዚያ ማኅተም ካለበት ወረቀት ላይ ያተርፋል፣ ይከስራልም የሚል ነገር አነበነበ። ማን ይሰማዋል።

"በአያ ዓለምብርሃን ስም ይሁን" አለች ባንቺ። የምህረት የክርስትና አባት ናቸው፤ አገር አደራውን የሚያስቀምጠው እሳቸው ዘንድ ነው። ማንም አልተቃወመም።

አያ ዓለምብርሃን ቀለም ነክተው አሻራቸውን አኖሩ። በልጅነታቸው ማጭድ አውራ ጣታቸውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆት ነበርና አሻራው ለሁለት ተከፍሎ ወጣ። ምሳው ቀለሙ ያልያዘ መስሎት አስደገማቸው። እንደገና ለሁለት።

"አያ፣ እርስዎስ ለሁለት ሰው ፈረሙ!" አለች ባንቺ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ዓመት አልፎ ጥር ሲገባ፣ ምህረት ታመመች የሚል ስልክ መጣ። ኩላሊቷ ነው፤ አሠሪዎቿ ሊሸኟት ነው። ባንቺ ወደ አያ ዓለምብርሃን ሮጠች።

"የእኔን ድርሻ ይሽጡልኝ አያ፣ ልጄን ላሳክማት።"

"ምነው ባንቺ፣ ለእኔስ ልጄ አይደለችም?" አሉና በማግስቱ ለሰቆጣ ተነሡ።

በእግራቸው ሄደው በአምስተኛው ቀን በበቅሎ ተመለሱ፤ አማቼ አዝኖ ያዋሰኝ ናት አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ቢሮው ተዘግቷል" አሉ። "ሰውየውም የለም። በላን፣ ባንቺዬ።"

ባንቺ ምሳው ዘንድ አስደወለች፤ ስልኩ አይሠራም። ኔትወርክ የጠፋበት ሰሞን ነበር። ራዲዮውም ያለ ፈቃድ አክሲዮን በሚሸጡት ላይ መንግሥት እርምጃ ሊወስድ ነው ሲል ከርሟልና ሰው ነገሩን ገጣጠመው። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" እያለ በራሱ ተሳለቀ። ባንቺ ግን ያንን ሹል ጫማ እያሰበች ጥርሷን ነከሰች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ተሰብስበው ቄስ ወልደ ገብርኤልን ግዝት ለመኑ። የተቃወሙት አያ ዓለምብርሃን ብቻ ናቸው።

"ተዉ፣ ግዝት ዘር ይከተላል! ሌባም ልጅ አለው" አሉ እንባቸው እየመጣ።

ሰው የልባቸውን ደግነት አደነቀ። ቄሱ ግን መስቀላቸውን አነሡ። "ይህን ገንዘብ በልቶ ያልመለሰ፣ ውጉዝ ከመ አርዮስ ይሁን!"

"አሜን!" አለ ሕዝቡ።

ከዚያ ወዲህ አያ ዓለምብርሃን የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር አያልፉም። ደጁን ስመው፣ ውጭ ቆመው አስቀድሰው ይመለሳሉ። "የሰው ገንዘብ በስሜ ጠፍቶ በምን ዓይኔ ልግባ?" ይላሉ። ባንቺን አንጀቷን በሏት። ምሳውን አብዝታ ረገመችው።

ምህረት መጣች። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባው ብሏል። ሐኪሙ በአንድ ወር ውስጥ ባሕር ዳር ካልታከመች አለና የቀረውን ሳይጨርሰው ተወው። ባንቺ ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ነጠላዋን አደገደገች።

መንገድ ስትጀምር አያ ዓለምብርሃን ደጃቸው ላይ ያቺኑ በቅሎ ድርቆሽ ያበላሉ።

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አሁን ሄደሽ ምን ታገኛለሽ? ይልቅ ከልጅሽ አጠገብ ሁኚ" አሏትና አምስት መቶ ብር አስጨበጧት።

"እግዜር ይስጥልኝ አያ። ዱካውን ሳላገኝ ግን አልመለስም።"

አንድ ቀን ተኩል ሄዳ ሰቆጣ ገባች። ጠይቃ ጠይቃ ቢሮው ደረሰች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግድግዳው ላይ ማኅተም ያለበት ፈቃድ ተሰቅሏል፤ ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ማር ተደርድሯል። ከጠረጴዛው ኋላ ምሳው ተቀምጦ ይጽፋል።

ባንቺ እንደ ምን ዋልክ አላለችም። ኮሌታውን ጨምድዳ ያዘችው።

"አንተ ሌባ! የልጄን ነፍስ አምጣ!"

ምሳው አልታገላትም። "የደሃናዋ ባንቺ ነዎት አይደል? ይቀመጡ እናቴ።"

"አልቀመጥም! ሰማንያዬን!"

"የእናንተ አክሲዮን እኮ ጥር ላይ ተሽጧል። ሁለት መቶውም። ገንዘቡም እዚሁ ተከፍሏል፤ ተማክራችሁ መስሎኝ።"

"ማን ሸጠው? አንተ ነህ እንጂ የሸጥኸው!"

ምሳው መዝገቡን አወጣና ገልጦ ወደ እሷ አዞረው።

"ማንበብ አልችልም" አለች ባንቺ።

"የሻጭ ፊርማ እዚህ ጋ ነው" አለና ጣቱን ከገጹ ግርጌ አኖረ።

ሰማያዊው አሻራ መሃል ለመሃል ለሁለት ተከፍሏል።