ያልተቀመሰ ዋንጫ

ፋንታሁን ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ተመለሰና በየካቲት ሞተ። አባቱ አያ ቢያዝን ሌላ ልጅ አልነበረውም። የሟች ሚስት ይመኙሽ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች ተብሎ ተጠበቀ። አልተመለሰችም። የፋንታሁን ጋቢም ከተሰቀለበት ግድግዳ አልወረደም።

ከቀብሩ በኋላ ቢያዝን ጆሮው ውስጥ እርምጃ ይሰማው ጀመር። ድው፣ ድው ይላል። ፋንታሁን ከእርሻ ሲመለስ ደጁን የሚረግጠው እንዲሁ ነበር። ለማንም አልተናገረም።

በግንቦት እርፍ እንደያዘ ወደቀ። ታናሽ ወንድሙ አለነ ጣሊያን በሠራው መንገድ በማኪና ጎንደር ወሰደው። ሐኪሙ ክንዱን አስሮ ለካና ደም ብዛት ነው አለ። የደም ሥርህ እንደ ደረቀ ጠፍር ጠንክሯል፤ ጨው ተው፣ ቁጣም ተው አለው።

መድኃኒት አዋቂዋን መነኩሲት፣ እማሆይ አመተ ሥላሴን፣ ያመጣቻቸው ይመኙሽ ናት። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ከአንድ ሥር ጋር ወቅጠው በጥብጠው፣ ጧት ጧት ይጠጣ አሉ። ሲወጡ ለይመኙሽ በሹክሹክታ የተናገሩትን ቢያዝን ሰማ።

«አንቺ ግን ከከንፈርሽ እንዳይደርስ።»

ለእሱ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት ለሰኔ ሚካኤል ይዘውለት እንደሚመጡ ነገሩት።

ጠጣ። ራስ ምታቱ ለቀቀው። እርምጃውም እየራቀ ሄደ። ቢያዝን ግን አልተደሰተም፤ ልጁ ሁለተኛ የሚሞትበት መሰለው።

ይመኙሽ ወጡን ያለ ጨው ትሠራለች። የሐዘን ቀሚሷ ሰፊ ነው፤ መቀነቷን ከፍ አድርጋ ታስራለች። ጠላ ስትቀዳ እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። መድኃኒቱን ግን አትቀምስም።

ይህን ያስተዋለው አለነ ነው።

«አያ፣ ምነው ይህን ብቻ አትቀምስልህም?» አለው። «ባል የሌላት ሴት ባማቷ ቤት ምን ትጠብቃለች? ሞትህን ነው እንጂ።»

በሚካኤል ዋዜማ ጧት ዋንጫውን ስታቀርብ ቢያዝን አልተቀበላትም።

«ቅመሺ» አላት።

«ለእኔ አይሆንም፣ አባቴ። ነገ እማሆይን ይጠይቋቸው።»

«ቅመሺ።»

መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ከንፈሯን አስነካች። አለነ ሳቀ።

«ድመትም ከዚህ የበለጠ ትልሳለች።»

«ጨልጪው» አለ ቢያዝን።

እጇ ወደ መቀነቷ ሄደ። ልትናገር አፏን ከፈተች። ሁለቱ ወንዶች ፊቷ ቆመው ያይዋታል። መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ጠጣች።

በማግስቱ ሲነጋ መሬት ላይ ትንከባለል ነበር።

«አየህ፣ አያ? የደገሰችልህን ራሷ ቀመሰችው» አለ አለነ፤ ዳኛ ሊጠራም ሄደ። ቢያዝን ደጅ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጆሮው ጭር ብሏል።

እማሆይ እንደ ቃላቸው መጡ። ማቃሰቷን ሲሰሙ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ገቡና በሩን ዘጉ። ሲወጡ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። የፋንታሁንን ጋቢ ከግድግዳው አውርደው፣ ከጫፉ ቀደው፣ አንድ ትንሽ ነገር ጠቅልለው ይዘዋል።

ቢያዝን ቀና ብሎ አያቸው። ጆሮው ውስጥ እርምጃው እንደገና ጀመረ።

«ወንድ ነበር» አሉት።