ቀይዋ ዲስክ

እንደ ሳህን ጠፍጣፋ የሆነችው ቀይዋ የመወርወሪያ ዲስክ ለሦስተኛ ጊዜ የጨዋታውን ዒላማ፣ ባለሰንሰለቱን ቅርጫት ስታ ከጽዶቹ መሐል ገባች። ሴትዮዋ ልትፈልጋት አልሄደችም።

እዚህ ጫካ ውስጥ ግን ምን ይጠፋል! ጠባቂው እንደ ገዛ ሳሎኑ ነው የሚይዘው፤ ሣሩን ያጭዳል፣ የረገፈውን ቅጠል በየማለዳው ይጠርጋል፣ መርፌ ብትወድቅ እንኳ ትታያለች። ይኸው ዲስኳን በሸሚዙ እጅጌ እየወለወለ መጣ።

"አይዞዎት ማዘር፣ እኔ እያለሁ አይጠፋብዎትም። ደግሞስ እንደ ሁሉም ተጫዋች ከጀርባዋ ስምና ስልክ ተጽፎባት የለ? ቢጠፋም ያገኘ ሰው ይደውላል።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለችው፤ እንባዋ ግን መጣ። ሰውየው ዒላማውን መሳቷ ያበሳጫት መስሎት አዘነላት።

ለምሳ እስኪወጣ ጠበቀችው። ከዚያ ሌሎች ተጫዋቾች ወደሚመጡበት አቅጣጫ ዲስኳን ባላት ኃይል ወረወረቻትና፣ ዞር ብላ ሳታይ ወደ ቤቷ ገሰገሰች።

ቤት ስትደርስ፣ ቻርጅ ላይ ከተሰካው የልጇ ስልክ ፊት ቁጭ አለች። ልጇ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። ቁጥሩ እንዳይዘጋ በየወሩ ካርድ ትሞላለታለች፤ ጓደኞቹ ግን መደወል ከተዉ ቆይተዋል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

"ሄሎ፣ ይድነቃቸው አለ? ዲስኩን ጫካ ውስጥ አግኝቼለት ነው።"

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች።

"ይድነቃቸው... አሁን ወጣ ብሎ ነው" አለች። "እባክህ፣ ነገም ደውልለት።"