ጅባራ ስር

ሸጋው የወረዳውን ካርታ በኮምፒውተሩ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ በጫነው ቁጥር የመንደሮቹ ስም ሁሉ ባዶ ሳጥን እየሆነ ያስቸግረዋል። በደህና የሚነበበው ጅባራ ስር ብቻ ነው።

ያን መንደር ረግጦት አያውቅም። ለእርዳታ እህል ሰው እንዲቆጥር ሲላክ ገደሉን መውረድ ታከተው፤ ከገደሉ አፋፍ ከቡይት ራስ ቁልቁል ቢያይ ጭስ ስላጣ፣ ቅጹን ዜሮ ብሎ ሞልቶ ተመለሰ።

«ፊደሉን ፕሮግራሙ ወደሚያነበው ወደ ዩኒኮድ ቀይረህ ጫነው» አለችው ባልደረባው እናናዬ፣ በርበሬ ልትገዛ ስትወጣ። በመስኮቱ የደባርቅ ገበያ ጫጫታ ይገባል። «ሰው የለበትም ካልከው ከጅባራ ስር አንዲት እናት መጥተው ነበር። ስንዴ የላችሁም ተብለው ባዶ አቁማዳቸውን ይዘው ተመለሱ።»

ሸጋው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። እሷ ከወጣች በኋላ እንዳለችው አደረገ። ሳጥኖቹ ወደ ስም ተመለሱ፤ ሁሉም ግን ጅባራ ስር ሆኑ፣ ደባርቅ የነበረችበት ቦታ ሳይቀር። ከየስሙ ጎን ዜሮ ተቀምጧል።

«እናናዬ» ብሎ ተጣራ።

የገበያው ጫጫታ መቆሙን ያን ጊዜ ልብ አለ። በመስኮቱ አየ። በርበሬው በየጆንያው እንደተከመረ ነው፤ ሻጭ የለ፣ ገዢ የለ። አንድ ሚዛን ብቻ ገና ይወዛወዛል።