ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ

ጉርዱን ገልብጬ ገበሩን ስተረትር እጄ ቀጥ አለ። ከጎኑ ስፌት አለፍ ብሎ፣ ባዶ የመርፌ ቀዳዳዎች ከወገብ እስከ ታች ተደርድረዋል። ከእነሱ አልፎ ደግሞ ሌላ ረድፍ አለ።

ልብስ ሰፊ አግብቼ፣ እሱው ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ስተክልና ጠርዝ ስዘመዝም የኖርኩ ሰው ነኝ። ባዶ ቀዳዳ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም። ስፌቱ እዚያ ነበር፤ ተፈትቶ ወደ ዳር ተሰፍቷል። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ።

ይህ ጉርድ ሚዛኔ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪሙ "ስኳርሽ አፋፍ ላይ ነው። ክብደት ቀንሺ፤ የቀነስሽውም እንዳይመለስ ያዢው። አለዚያ ኢንሱሊን መወጋት ይመጣል" ሲለኝ፣ የሰፈሩ ሰው "በርሜሏ" የሚለኝ ሴትዮ ነበርኩ። ቀነስኩ። እንዴት እንደቀነስኩ እኔና ሆዴ እናውቃለን። ያኔ ነው ባሌ ይህን ጉርድ በአዲሱ ልኬ የሰፋልኝ። የሚዛን ቁጥር እንቅልፍ ስለሚነሳኝ ሚዛን ቤቴ አላስገባሁም። ሰኞ ሰኞ ሱቅ ከመክፈታችን በፊት ጉርዱን እለብሳለሁ፤ ዚፑ ከተዘጋ ተመስገን ብዬ ወደ ሥራዬ።

ዚፑ ሁሌም ይዘጋ ነበር፤ እኔም ልቤ አበጠ። የክትትል ቀጠሮዬ ሲደርስ "ጉርዱ ልክ ነው፣ ምን አስኬደኝ" ብዬ ቀረሁ። የሚቀጥለውንም ቀረሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ዚፑ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ገበሩ ተሸብሽቦ ይሆናል ብዬ ነው የፈታሁት።

ባሌ ለማንም ቢሆን ሲሰፋ በስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ይተዋል። "ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም" ይላል። የኔን ግን ቁረጠው ብዬው ነበር፤ መመለሻ እንዳይኖረኝ። ቆረጥኩት ብሎኝ ነበር።

ክር ሊገዛ ወጥቶ ነበር፤ ፌስታሉን አንጠልጥሎ እያፏጨ ገባ። የተገለበጠውን ጉርድ ጭኔ ላይ ሲያይ ፉጨቱ ተቋረጠ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት፣ ቀዳዳዎቹን በጥፍሬ እየተከተልኩ።

"የማሽኑ መርፌ ዶልዱሞ ነበር መሰለኝ..."

"ለደንበኛ የምትላትን ለኔ?"

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ መልሶ አነሳው፤ ደግሞ አስቀመጠው።

"መጀመሪያ የፈታሁት እህትሽን አስታመሽ የተመለስሽ ጊዜ ነው" አለ። "ትንሽ ጨምረሽ ነበር፣ ትንሽ ነው። ጉርዱ እምቢ ቢልሽ ምን እንደምታደርጊ ደግሞ አውቃለሁ። እህል የሚባል ትተሽ፣ ራስሽን ስተሽ ማሽኑ ላይ ስትደፊ፣ መርፌው ጣትሽን በስቶ... እሱን ሁለተኛ ለማየት አቅም አልነበረኝም። ስትቀንሺ መልሼ አጠብበዋለሁ ብዬ ነው።"

"መልሰህ አጠበብከው?"

ክሮቹን ከፌስታሉ ያወጣ ጀመር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

"ሁለተኛውንስ?"

"አንዴ ከዋሹ በኋላ እኮ መመለሻው ይጠፋል" አለ።

ተናደድኩ። ንዴቱ ግን አልቆየልኝም፣ ፍርሃት ገፍትሮት ገባ። እናቴን ስኳር መጀመሪያ የእግሯን ጣት፣ ቀጥሎ እግሯን ወስዶ ነው የገደላት። ቁስሏን ሳጥብ የኖርኩት እኔ ነኝ። እኔው ነኝ ደግሞ አንድ ጉርድ አምኜ ሐኪም ቤት የቀረሁት፤ ለጎረቤቱ ሁሉ "እኔን እዩ፣ ያዝኩት እኮ" እያልኩ የተኩራራሁት።

"ታዲያ ዛሬ ለምን ጠበበኝ? ለምን ሦስተኛ አልፈታኸውም?"

"ጨርቁ አለቀ።"

በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። "ሌሊት እየተነሳሽ ውሃ ስትጠጪ እሰማሻለሁ" አለ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ። "ሰሞኑን ደግሞ በዛ። ዛሬ ልንገራት፣ ነገ ልንገራት እያልኩ... በየት በኩል ልጀምረው?"

እኔ ጥሙን ሙቀቱ ያመጣው ነው ብዬ ነበር፤ እናቴንም ስኳሩ የጀመራት እንዲሁ በውሃ ጥም ነበር።

ተነሳሁና ደንበኛ የሚለካበትን መጋረጃ ሳብኩ። "ና ለካኝ።"

"አሁን?"

"አሁን። ቁጥሩንም እንድሰማው ተናገር።"

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በወገቤ ዙሪያ አሳለፈው። ጫፍና ጫፉን ሲያገናኝ ግን ሳብ ሲያደርገው ተሰማኝ። ቁጥሩ እንዲያንስልኝ ነው። እሱም ያስተዋለው አይመስለኝም፤ እጁ ለምዶበታል።

"አላላው" አልኩት።

"ላላ ያለ ነው እኮ።"

ጣቴን በሜትሩና በሆዴ መሀል አስገብቼ ሳብኩት። "እንዳለሁ ለካኝ። ስወድህ፣ እንዳለሁ።"

አላላው። ቁጥሩን አየው፤ እንደገና አየው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተናገረው። ያን ሁሉ ተርቤ ከቀነስኩት እኩሌታው ተመልሷል።

ሁለታችንም ሜትሩን እንደያዝን ቆምን። "ሱቁን ዝጋ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ደርቆ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ይሄ ደግሞ ሙቀቱ አይደለም።