ምላጭና ምላስ

አዋላጇ ሆዴን በሜትር እየለካች ነው። ጣቶቿ ከእምብርቴ በታች ያለው ጠባሳ ላይ ሲደርሱ ቆም ይላሉ።

«ቆንጆ አድርጎ ድኗል። የት ነው የተሠራልሽ፣ የኔ እናት?»

«እዚሁ።»

አላስታወሰችኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እሷ የወጋችኝ ግን በመርፌ አይደለም። የመጀመሪያ ልጄን ሳምጥ ከግርጌዬ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መግፋት የማትችል ለምን ታረግዛለች ብላ ሳቀችብኝ። ወደ ቀዶ ጥገና ሲወስዱኝ ደግሞ፣ «ሰነፍ ናት፤ ቅደዷትና ትገላገል» አለች። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረኝ ልጁ ተጋድሞ ነበር፤ ዓመት ብገፋም አይወጣም። ልጄ ዛሬ ይሮጣል። ያ ቃልም አብሮት አድጓል።

አሁን ድምፅዋ ማር ነው። ሐኪሙ ሁለቱም ይቻላል ማለቱን ቀስ ብላ ታስረዳኛለች። በምጥ ልሞክር ካልኩ ስፌቱ የመተርተር ጥቂት አደጋ ስላለው ከዓይናቸው አልርቅም፤ ቀዶ ጥገና ከመረጥኩም ቀን ይቆረጥልኛል።

«የቱ ይሻልሻል?»

ሁለቱንም ስንት ጊዜ አውጥቼ አውርጃለሁ። «ማማጥ» እላለሁ። «እርስዎም አጠገቤ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ።»

ፊቷ ይበራል። እጄን በሁለት እጇ ትይዘኛለች። ደስታዋን ቶሎ አልቆርጥባትም፤ ሞልቶ እስኪፈስ እጠብቃለሁ። ከዚያ ያኔ ያለችኝን ቃል በቃል፣ በራሷ ድምፅ እነግራታለሁ።

እጄን ትለቃለች። ሥራ ሲበዛ አፍ ይስታል ልትል ትጀምራለች። አላስጨርሳትም።

«የልጁ ልብ ከደከመ ይቅደዱኝ፤ አላማርርም። ጠቤ ከምላጩ ጋር አይደለም፣ ከምላስዎ ጋር ነው። የምታዋልደኝ ሌላ ናት። እርስዎ ራስጌዬ ቆመው እጄን ይይዛሉ። ልጁ ወጥቶ እስኪያለቅስ ድረስ አንዲት ቃል እንዳይወጣዎት።»

ይቅርታ ልትለኝ ነው መሰለኝ ከንፈሯ ይላቀቃል። ጣቴን አፌ ላይ አደርጋለሁ። መልሳ ትገጥመዋለች።

ሆዴን ቅባት ቀብታ የልብ ማዳመጫውን ታስጠጋለች። ድንገት የልጁ ልብ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ክፍሉን ይሞላዋል። አዋላጇ ቀና ብላ ታየኛለች፤ ደህና ነው ለማለት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች።