የጉንቮር የማክሰኞ ተራ

ጉንቮር በጥቅምት ወር ክፍል ውስጥ ሒሳብ እያስተማረች ሳለ ድንገት ማልቀስ ጀመረች፤ ማቆምም አቃታት። ከዚያ ወዲያ አልጋ ያዘች። ሐኪሙ አእምሮዋ ዝሏል፣ ቀስ እያለች ከሰው ትቀላቀል አለ።

ባሏ ሲክስተን ያልሞከረው የለም። የቀረፋ ዳቦ ጋገረላት፣ አበባ አመጣላት፣ ለመናት። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሲክስተን ሚስቴ እንዲህ ሆና ልትቀር ነው ብሎ ወጥ ቤት ገብቶ ያለቅስ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከሕንፃው ምድር ቤት ተመልሶ፣ ጓጉንቸራችን ከጋራ ልብስ ማጠቢያው የተራ ሰሌዳ ላይ ተነቅላለች አላት።

ስዊድናዊ ብዙ ነገር ችሎ ያልፋል። የጋራ ማጠቢያ ተራውን ከወሰዱበት ግን ድንበሩ እንደተገፋ ገበሬ ነው። ጓጉንቸሩን ሰሌዳው ላይ በፈለገው ቀንና ሰዓት ቀዳዳ የሰካ ሰው ሰዓቱ የሱ ነው፤ ያለ ራሱ ቁልፍም አይነቀልም። ጉንቮር በሌሊት ልብሷ ደረጃውን ወረደች።

ማሽኑ ውስጥ የሦስተኛ ፎቁ የራግናር አንሶላ ይሽከረከራል። ራግናር ጡረታ የወጣ ቁልፍ ሠሪ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

«ተራው ባዶ ነበር፤ እኔም ያዝኩት» አለ ራግናር።

«ሞኝህን ፈልግ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞም ጓጉንቸሯ ተነቀለች። ጉንቮር የጎረቤቱን በር ሁሉ እያንኳኳች መረመረች። በር ለማንኳኳት ፀጉሯን ማበጠር ነበረባት፤ ለመሟገትም መብላት። ከዚያ ምድር ቤት ወንበር አውርዳ ዘብ ቆመች። ራግናርም ሌባ ተብዬ አልቀርም ብሎ የራሱን ወንበር አመጣና አጠገቧ ተቀምጦ ሲነዘንዛት ይውላል። ምሳ እስክትበላ ሲክስተን ይተካታል። እሱ ደግሞ ዘብነት አያውቅበትም፤ ስትመለስ ጓጉንቸሯ የለችም።

የበረዶውን ወራት ሁሉ እንዲህ ተጨቃጨቁ። አንድ ቀን ጉንቮር ራግናርን በነገር ወግታ ራሷም ሳቀች፤ ሲክስተን ሳቋን ደረጃው ላይ ሆኖ ሰማና ድምፅ ሳያሰማ ወደ ላይ ተመለሰ። በፋሲካ ሰሞን ሐኪሙ ወደ ማስተማሯ እንድትመለስ ፈቀደላት።

ሥራ የምትጀምርበትም ቀን ማክሰኞ ዋለ። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች፣ ከበሩ ተመለሰችና ጫማውን የሚያስረውን ባሏን ግንባሩን ሳመችው።

«ሲክስተንዬ፣ ዛሬስ ተዋት፣ አትንቀላት» አለችው። «እኔ ከሌለሁ ራግናር ብቻውን ከማን ጋር ይጣላል?»